በሁዳዴ ያፈላሁት ሳሙና

እስቲ ፍረዱኝ። በሁዳዴ ጾም መካከል፣ የካ ውስጥ፣ አጥሩ ለወሬ በሚመች ግቢ፣ ሞራ ሲያቀልጥ የተያዘ የታሪክ መምህር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ካልሰማችሁ እኔው ነኝ። ጾም ሻረ ብለው ያሙኝ አሉ። ሃይማኖቱን ለወጠ ያሉኝ አሉ። ኢምፔሪያሊስት ነው ብለው ስብሰባ የጠሩብኝም አሉ። አንዱንም አይደለሁም። ያን ጊዜም አይደለሁም ብያለሁ፤ ጣጣው የባሰውም አይደለሁም በማለቴ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሳሙና የጠፋበት ጊዜ። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሳሙና አመጣ ከተባለ ሰው ለቅሶ ጥሎ ይሰለፋል። እንዶዱንማ ከየወንዙ ዳር ሳይበስል ለቅመን ጨርሰነው ነበር። የእኔ ኮሌታ የማስተምርበትን ጥቁር ሰሌዳ መስሎ ነበር፤ የተማሪዎቼም እንዲሁ። እርስ በርሳችን ስለምንመሳሰል ማንም ማንንም አይታዘብም።

የታሪክ መጽሐፋችን አሜሪካ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረችበት ዘመን ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር የሚለው። ከዚያም ላይ አብዛኛው ስለ ከበርቴው መደብ ነው። ያቺን ግማሽ ገጽ አንብቤ ልገላገል ስል ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ግን በምን ይታጠቡ ነበር?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር መጽሐፉ ውስጥ ሰው እንዳለ ያሳሰበኝ አልነበረም፤ መደብ ብቻ ነበር የሚታየኝ። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳትና ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጥግ ስለዚያ ዘመን ሰዎች የሚያወራ አቧራ የለበሰ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁ። ሌሊቱን ሙሉ አነበብኩት ብላችሁ አትመኑኝ፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። ግን አነበብኩት። ሱፉን ራሳቸው ይፈትላሉ፤ ሻማውን ከከብት ሞራ ራሳቸው ያበጃሉ፤ ልጅ አዋቂ ሳይባል ሁሉም ይሠራል። በእንግሊዝ ንጉሥ በተናደዱ ጊዜ ደግሞ «ያንተን ጨርቅ አንለብስም» ብለው የፈተሉትን ሻካራ ለብሰው አደባባይ ይወጣሉ። ሳሙናቸው ከአመድ ውሃና ከሞራ የሚፈላ ነው፤ ያኔም ግቢው ሁሉ ይሸታል ይላል መጽሐፉ። ይህቺን የሽታዋን ነገር በደንብ ባነብ ኖሮ ዛሬ የማወራላችሁ አይኖረኝም ነበር።

በማግስቱ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። እንደዚያ ቀን ጸጥ ብለው ሰምተውኝ አያውቁም። በመጨረሻ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ይሄስ ውሸት ነው» አለ። «አመድ ያቆሽሻል እንጂ ያጸዳል እንዴ?»

እኔ ደግሞ ውሸታም ከምባል ብወድቅ ይሻለኛል። «ሰኞ ሠርቼ አመጣለሁ!» አልኩ። አፌ ነው እንግዲህ፤ ማን ይይዘዋል?

አመድ ለመሰብሰብ ጎረቤት ለጎረቤት ዞርኩ። እስቲ አስቡት፤ ከረቫት ያሰረ መምህር ጆንያ ይዞ በየደጁ «እባካችሁ አመድ አላችሁ?» ሲል። አንዷ ሴትዮ በሩን ስትዘጋብኝ ስታማትብ ሰማኋት። ሌላዋ ጆንያውን ሞልታ ሰጠችኝና «መምህር፣ ደመወዝ አልወጣም እንዴ?» አለችኝ። አመዱን ታቹን በበሳሁት በርሜል ከትቼ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ከሥር ጥቁር ቡናማ ውሃ ጠብ ይል ጀመር። መጽሐፉ እንደሚለው የአመዱ ውሃ መጠንከሩ የሚታወቀው እንቁላል ሲንሳፈፍበት ነው። ስለዚህ እንቁላል ልገዛ ወጣሁ። በሁዳዴ! ባለሱቁ እንቁላሉን በጋዜጣ ጠቅልሎ እንደ ኮንትሮባንድ ከባንኮኒው ሥር አቀበለኝ፤ ከኋላዬ የቆሙት ሁለት ሴቶች ግን አይተዋል።

እንቁላሉ ተንሳፈፈ፤ ሞራው ቀረ። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ለጾሙ ተዘግተዋል፤ ስለዚህ ወደ ሐጂ ሱሩር ሄድኩ። ሐጂ ወደ ላምበረት በሚወስደው መንገድ ላይ ሥጋ ቤት ያላቸው፣ ሳቅ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ጉዳዬን ስነግራቸው ቢላቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

«መምህር፣ በሁዳዴ ወደ እኔ የሚመጣ ክርስቲያን ሁሉ ምክንያት አያጣም» አሉኝ። «አንዱ ለድመቴ ነው ይላል፣ አንዱ ለመድኃኒት ነው ይላል። ለሳሙና ነው ያለ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

«ወላሂ ለሳሙና ነው፣ ሐጂ!»

«እንዲያውም መማል ጀምረዋል» ብለው ሳቁና ሞራውን በነፃ ሰጡኝ። «ከተሳካ ለእኔም ቅመሱ... ማለቴ ታጠቡ በሉኝ።»

ድስቱን ያዋሱኝ እማማ ተዋበች ናቸው። እማማ የግቢያችን የቀድሞ አከራይ ነበሩ። ትርፍ ቤት ሲወረስ እሳቸው ዋናዋን ቤት ይዘው ቀሩ፤ እኛ ተከራዮቻቸው የቀበሌ ተከራዮች ሆንን። መንግሥት ቤቶቹን ወሰደ እንጂ ሥልጣናቸውን የወሰደባቸው የለም፤ በዚያ ግቢ ማን እንደሚያስነጥስ እንኳ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። የድግስ ትልቁን የሸክላ ድስታቸውን ስጠይቃቸው «ለምንድነው?» አሉኝ።

«ለትምህርት ነው፣ እማማ።»

«ለትምህርት ከሆነ ውሰድ። ባዶውን እንዳትመልሰው ብቻ።»

በእኛ ግቢ የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ሽሮም ቢሆን፣ ጭብጥ ቆሎም ቢሆን ጣል ተደርጎበት ነው የሚመለስ። እሺ ብዬ ወሰድኩ። ምን ጨምሬበት እንደምመልሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ቅዳሴ ሄደው ሳለ ሞራውን ከትፌ ጣድኩት። ሞራ ሲቀልጥ ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ? ጥብስ ነው የሚሸት! ያውም ቅቤ የበዛበት ጥብስ። ስንት ሳምንት ሙሉ ሽሮና ጎመን ሲበላ በከረመ ሰፈር ላይ ያ ሽታ ተለቀቀ። የመንደሩ ውሻ ሁሉ አጥራችን ሥር ስብሰባ ተቀመጠ። ጎረቤቶች ያለ ምክንያት ልብስ ሊያሰጡ ወጡ። ባለቤቴ የሺ ከቤት ወጥታ አየችኝና «አላውቅህም» ብላ ተመልሳ ገባች።

እማማ ተዋበች የጠበል ጠርሙሳቸውን ይዘው በሩ ላይ ሲደርሱ አፍንጫቸው ቀድሟቸው ገባ። ድስታቸውን አዩ። በድስቱ ውስጥ ያለውን አዩ።

«በስመ አብ! አንተ ልጅ ምን እያደረግህ ነው?»

«ሳሙና ነው፣ እማማ።»

«ሳሙና? ሞራ አይደለም እንዴ ይሄ? ከየት አመጣኸው?»

እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ። ብልህ ሰው ይዋሻል። «ከሐጂ ሱሩር» አልኩ።

በሁዳዴ ሞራ፤ ያውም የሙስሊም እርድ፤ ያውም በድግስ ድስታቸው! ሸክላ ደግሞ እንደ ብረት ታጥቦ አይነጻም፤ ያበሰሉበትን ይጠጣል። እማማ ጠበሉን በላዬ ላይ ረጩት፤ እኔን ይሁን ድስቱን ሊቀድሱ እንዳሰቡ እስካሁን አልገባኝም። «ይህን ጉድ ከግቢዬ አውጣ! ድስቱንም አልፈልገውም!» አሉ። እኔም ወጣሁ፤ ግን ድስቱን ጥዬ አልወጣሁም። ሰኞ ለተማሪዎቼ ቃል ገብቻለሁ፤ ደግሞም ምን አጠፋሁ? ሞራው በረድ ሲል ድስቱን ከነሞራው በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አዘልኩት፣ የአመዱን ውሃ በጀሪካን አንጠለጠልኩ፣ ወደ እንጦጦ አቀናሁ።

በኪዳነ ምሕረት በኩል ያለውን ዳገት ስወጣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኙኝ። ሸክማቸው ወገባቸውን አጉብጦታል፤ እኔን ሲያዩ ግን ሁሉም ቆሙ።

«ወንድሜ፣ ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው?» አለችኝ አንዷ።

«ሊጠመቅ ነው የምወስደው» አልኳት። ሳቃቸው ቁልቁል እስኪርቅ ድረስ ይሰማኝ ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስቅ ነገር ለብዙ ጊዜ አላገኘሁም።

ባሕር ዛፉ መሐል ጉልቻ ጎልቼ፣ እሳት አንድጄ፣ የአመዱን ውሃ ከሞራው ጋር ቀላቅዬ ማማሰል ጀመርኩ። ነፋሱ ቅጠሉን እያራገፈ ድስቴ ውስጥ ይጨምረዋል፤ አንዱን ሳወጣ ሦስት ይገባል። በመጨረሻ ተውኩት። አብሮ ፈላ። የሥጋው ሽታ ጠፍቶ ሌላ ሽታ መጣ፤ የባሕር ዛፍ ጭስ እንኳ አይደለም፣ እሱንማ ሁላችን ተለማምደነዋል፤ አዲስ ቅጠል በእጅ ሲታሽ የሚሸተው ያ አፍንጫ የሚከፍት ሽታ ነው። ድስቱ ውስጥ ያለውም እየወፈረ ሄዶ ቡናማ ማር መሰለ። ትንሽ ወስጄ እጄን ታጠብኩበት። አረፋ! እውነተኛ አረፋ! እንጦጦ ላይ ብቻዬን ቆሜ እልል አልኩ። ዋሸህ ያለኝ ልጅ ይምጣና ይይ አልኩ።

ልጁ አልመጣም። የመጣው ጠመንጃ ያነገተው የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ፣ በላቸው ነው። ለካ የእኔ ጭስና የሰፈሩ ወሬ ባንድ ጊዜ ነበር ቀበሌ የደረሱት፤ «መምህሩ ጫካ ገብቶ በድብቅ ሥጋ ያበስላል» ተብሎ ነው የተላከው።

«እጅ ወደ ላይ! ምንድነው የምትቀቅለው?»

«ሳሙና ነው።»

«እኔን ነው የምታሞኘው?» አለና ጣቱን ድስቱ ውስጥ ነክሮ፣ ተው ብዬ ሳልጨርስ፣ ላሰው። ፊቱ ሲቀያየር አየሁ። ምላሱን አውጥቶ በመሐረቤ ጠረገው፣ ጠመንጃውን እኔ ያዝኩለት፣ በሁለት እጁ ጠረገው። «ጨው አነሰው?» አልኩት። ያን ማለት አልነበረብኝም። ድስቱን ራሴ ተሸክሜ፣ እሱ ከኋላዬ እየተፋ፣ ቀበሌ ገባን።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ካኪ ልብሳቸው ላይ ኮከብ የሰኩ፣ ሲናገሩ ጠረጴዛ የሚደበድቡ ሰው ነበሩ። ድስቱን ከጠረጴዛቸው ፊት አስቀምጠው ዞሩት።

«ጓድ መምህር፣ ይህን አሠራር ማን አስተማረህ?»

«አሜሪካኖች።»

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ደበደቡ። «የትኞቹ አሜሪካኖች?»

«የሞቱት።»

«ስማቸውን ተናገር!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ከሞቱ ሁለት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። የእንግሊዝ ንጉሥ ሲገዛቸው የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። እነሱም ሳሙና አልነበራቸውም።»

«ማለት ምን ማለት ነው? ‘እነሱም’ ስትል ማንን ጨምረህ ነው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ፈርቼ ነበር። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ከቤቱ ወጥቶ የቀረ ሰው ነበር። ሊቀመንበሩም ፍርዱን ሰጡ። ድስቱ ለማስረጃ ይያዛል። ከፋሲካ በኋላ በሚደረገው የውይይት ክበብ በሕዝብ ፊት ቆሜ ግለ ሂስ አደርጋለሁ፤ የኢምፔሪያሊስቶችን አኗኗር ማስተማሬ ስሕተት ነበር እላለሁ። ካላልኩ ትምህርት ቤቱ ይነገረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጠመኔ አልይዝም።

ቤት ስገባ የሺ ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር። ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለች። «አንዴ ‘አጥፍቻለሁ’ ብትል አፍህ ይረግፋል?»

«አላጠፋሁማ!»

«ያጠፋ ሰው ብቻ ነው እንዴ አጥፍቻለሁ የሚለው? ሰው ሁሉ ይል የለም? ስለ ልጅቷ ጥያቄ ብለህ ከሥራህ ልትወጣ ነው?»

«አዎ» አልኳት። «ስለ ልጅቷ ጥያቄ ብዬ። ሌላ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰውማ የለም።» ከጠመኔ በቀር የማውቀው ሥራ አልነበረም፤ የምወደውም ሥራ እሱ ብቻ ነበር። ግን እነዚያ ሰዎች አልታጠቡም ብዬ ተመልሼ ከዚያ ሰሌዳ ፊት መቆም አልችልም። የሺ አኮረፈችኝ። እማማ ተዋበች ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምረው ሰላምታዬን አልመለሱም፤ በእኔ በኩል ሲያልፉ ነጠላቸውን ይሰበስባሉ። ሰኞ ለተማሪዎቼ የቀረብኩት ባዶ እጄን ነው፤ ያቺ ግማሽ ገጽም ባለችበት ቆመች። ጾሙ ሁሉ እንዲህ አለፈ፤ ፋሲካም መጣ፤ ዶሮው እንኳ ጣመኝ አልልም።

የስብሰባው እሑድ ደረሰ። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሏል። ሐጂ ሱሩር ከኋላ ቆመዋል፤ እማማ ተዋበች ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ከተማሪዎቼ የመጡም አሉ። «ኢምፔሪያሊዝም ይወድማል!» ተባለ፤ እጃችንን አነሳን። ያኔ ነው አፍንጫዬ የነቃው።

ግራ እጄን እንዳነሳሁ ቀረሁ። ሕዝቡ ሁሉ እጁን ሲያነሳ ከየብብቱ አንድ ሽታ ወጣ። የላብ አይደለም። የሰንደልም አይደለም። አዲስ ቅጠል በእጅ ሲታሽ የሚሸተው ያ ሽታ ነው! ዞር ብዬ አየሁ። ያ ሁሉ ሰው ነጭ ለብሷል። ኮሌታው ሁሉ ነጭ፣ ነጠላው ሁሉ ነጭ። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ደግሞ ለፋሲካ ሳሙና አላመጣም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ተሰልፈን ባዶ እጃችንን ተመልሰናል።

«ጓድ በላቸው፣ ማስረጃው ይቅረብ!» አሉ ሊቀመንበሩ።

በላቸው ገባና ብዙ ቆይቶ ድስቱን ታቅፎ ወጣ። አረማመዱ ቀላል ነው። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ኳ አለ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው አዩ። ደግመው አዩ። ድስቱ ባዶ ነው፤ ያውም ተፍቆ ባዶ፤ ሰው በጣቱ ጠራርጎ የጨረሰው ድስት። ለካ ለመታወቂያ የመጣም፣ ለክስ የመጣም፣ ለጥበቃ ያደረም፣ ሁሉም እየቆነጠረ ሄዷል።

«ግለ ሂስህን ጀምር» አሉኝ ሊቀመንበሩ ድስቱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው።

ተነሳሁ። «ግለ ሂስ አላደርግም» አልኩ። «ያስተማርኩት እውነት ነው። ባሕር ማዶ ያለ ንጉሥ የሚገዛቸው ሰዎች ነበሩ፤ የሚሸጥላቸውን አንፈልግም ብለው በእጃቸው ሠርተው ኖሩ። ይህን ማወቅ ጥፋት ከሆነ ጠመኔውን ውሰዱት። ማስረጃው ግን አልጠፋም። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው። ለብሳችሁት መጥታችኋል። ካላመናችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው አሽትቱ!»

ማንም አልተነፈሰም። ቢተነፍስ ይሸተዋላ! ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። እኔም አበቃልኝ አልኩ። ያኔ ከፊት ወንበር እማማ ተዋበች ቀስ ብለው ተነሱ። እኔን አላዩኝም፤ ሊቀመንበሩን ነው የሚያዩት።

«እኔ በበኩሌ ነጠላዬን አጥቤበታለሁ» አሉ። «ይህ ልጅ በጾሙ ድስቴን አርክሶብኛል፤ እሱን እኔና እሱ እንነጋገራለን። ሳሙናው ግን ሳሙና ነው። አልበላሁትም፤ አጠብኩበት እንጂ።»

«እኔም የሰጠሁት ሞራ ነው፤ አንዲት ቁራጭ ሥጋ አልሸጥኩላቸውም!» አሉ ሐጂ ሱሩር ከኋላ። «ታጠቡ በሉኝ ብያቸው ነበር፤ ማንም ሳይጠራኝ አለቀ!»

ሳቁ ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት መጣ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ሊደበድቡ እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ከፊት ያለነው ሁሉ አንድ ላይ አሸተትን። ካኪያቸው እንደዚያ ቀን ነጽቶ አያውቅም ነበር። እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ኮሌታቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ስብሰባው... ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» አሉና ወጡ።

ሰኞ ክፍሌ ገባሁ። ጠመኔ አነሳሁ፤ የከለከለኝ የለም። ግማሽ ገጿን ካቆምኩበት ቀጠልኩና ንጉሡ ጨርቁን ሲልክ ገበሬዎቹ እንዴት አንለብስም እንዳሉ እየነገርኳቸው ሳለ በሩ ተንኳኳ። በላቸው ነው፤ ጠመንጃውን አንግቷል። ከኋላ ያለችው ልጅ ደብተሯን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። እኔም መጡብኝ አልኩ፤ ግን ዓረፍተ ነገሬን ሳልጨርስ አልወጣም ብዬ ጨርሼው ነው የወጣሁት።

በላቸው ግራ ቀኝ አየና ከግድግዳው ሥር ድስቱን አንስቶ አቀበለኝ። ከባድ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብለዋል» አለኝ።

ክዳኑን ከፈትኩ። የፋሲካ በሬ ሞራ፣ እስከ አፉ ድረስ።

ልዘጋው ስል በላቸው ጠጋ አለና ድምፁን ቀነሰ። «ቅጠሉንም እንዳይረሳ ብለዋል።»